አውሮፕላን የተሳፈረው እርሾ

አማቼ፣ የባሌ አባት፣ አውሮፕላን አይወዱም። ስንሄድ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ማንም አይከራከረኝ፤ ጣቶቻቸው ክንዴ ላይ የተዉት ምልክት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም። ስለዚህ የመመለሻችን ቀን ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ለብሰው፣ የጫማቸውን ክር አስረው፣ የትከሻ ቦርሳቸውን አቅፈው ባሕር ማዶ ባለው ልጃቸው ሳሎን ተቀምጠው ሳገኛቸው መጠርጠር ነበረብኝ። ደህና አደርሽ ልጄ አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። አማቼ ከቁርስ በፊት ፈገግ ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን ቤታቸው ናፍቋቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ እርሾው ማውራት አለብኝ። የኛ ቤት ዳቦ ቤት ነው። ታች ይጋገራል፣ ላይ ይኖራል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ እሸጣለሁ፣ ባሌ ይጋግራል፣ አማቼ ደግሞ ሁለታችንንም ይቆጣጠራሉ። ሰፈርተኛው ከኋላቸው ጋሽ ምድጃ ይላቸዋል፤ ቶሎ ስለሚግሉ ነው። በፊታቸው ግን የሚደፍር የለም። ዳቧችን በሱቅ እርሾ አይነሳም። ከየቀኑ ሊጥ ጭብጥ የምታህል ቆርሰን ለነገ እናስቀምጣለን፣ ከነገው ደግሞ ለተነገ ወዲያ፤ እንዲህ ሲቀባበል ከአማቼ አባት ጊዜ ጀምሮ የመጣ እርሾ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ይሰጠዋል። አማቼ ገና ከደረጃው ሳይወርዱ "በላ ወይ?" ብለው ይጮሃሉ። ስለ ልጅ ልጃቸው የሚጠይቁ የመሰለው እንግዳ ብዙ ነው።

ከዚያ ሞተ። ሙቀት በበረታበት ሰሞን አማቼ በሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ተኙ። ዳቦ ቤቱን ዘግተን ስንመላለስ፣ እኔ ባሌ አብልቶታል ብዬ፣ ባሌ እሷ አብልታዋለች ብሎ፣ እርሾው በመሀል ቤት ቀረ። አማቼ ተሽሏቸው እንደገቡ ቀጥታ ታች ወረዱ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ሻጋታውን አዩ፣ አሸተቱት፣ መልሰው ከደኑት። ሽርጣቸውን ፈትተው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ወደ ላይ ወጡ። አልተቆጡም፤ ያስፈራንም እሱ ነው። ባሌ በሱቅ እርሾ ጋግሮ ሲያቀርብላቸው አንድ ጊዜ ቆርሰው ቀመሱና ይሄ ዳቦ ሳይሆን አየር ነው አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ መጋገሪያው ክፍል ድርሽ አላሉም። መስኮት ዳር ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ሰውዬው ዓይናችን እያየ ሟሟ።

ያ እርሾ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ባሕር ማዶ፣ በታላቁ ልጃቸው ዳቦ ቤት። ዋርሳዬ፣ ማለትም የባሌ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት ነው ጥሎ የሄደው። መሄዱን አባቱ ቀድሞውንም አልወደዱለትም። እሱ ደግሞ ባሰበት፤ ሳያስፈቅድ ከእርሾው ቆርሶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። አማቼ በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ከፍተው የጎደለውን ሲያዩ "ሌባ ነው ያሳደግኩት" አሉ። ይህ ቃል ባሕሩን ተሻግሮ ደረሰው። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ በሰው በኩል ሰላም ከመባባል አላለፉም።

ጉዞውን ያቀድነው ባሌና እኔ ነን። ለጎረቤት የተነገረው አያት የልጅ ልጆቹን ሊያይ ነው የሚል ነው። እውነቱን ግን አማቼም ያውቃሉ፣ ዋርሳዬም ያውቃል፣ እኛማ ያቀድነው እኛ ነን፤ እርሾ ልንለምን ነው። እኔ አብሬ የተላክሁት ድሮ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ስለነበርኩና የሰው አገር ቋንቋ ስለምሞካክር ነው። ባሌ ሲሸኘን በጆሮዬ፣ ብቻ ይጠይቁት፣ ሌላውን ተዪው አለኝ።

ሦስት ሳምንት ተቀመጥን፤ አንድ ቃል ጠብ አላለም። ዋርሳዬ በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ ያመጣል። አማቼ ቁራሹን አንስተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይከድናሉ። ዋርሳዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቢላዋ ያጥባል፤ አንድ ቢላዋ ለማጠብ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው አላየሁም። እኔ እጠብቃለሁ። ከዚያ አማቼ ዓይናቸውን ገልጠው ቅቤ አለ ወይ ይላሉ። ቅቤ ይሰጣቸዋል። እኔ ሳህን አነሳለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሳይቀር ተወራ፤ ስለ ዳቦ ግን አባትና ልጅ ሁለቱም ዳቦ ጋጋሪ ሆነው አንድ ነገር ሳይተነፍሱ ሻንጣ ታሰረ።

በመሄጃችን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ወደ ዳቦ ቤቱ ጠራኝና አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ሰጠኝ። ከፍቼ ሳያት ከግድግዳ የተላጠ ቀለም የመሰለ ቅርፍርፍ አለባት። እርሾውን ወረቀት ላይ በስሱ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ ፈርፍሮት ነው። ለብ ያለ ውሃና ዱቄት ሲያገኝ ይነቃል፤ ሳይበላሽ ወራት ይቆያል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ዘዴ የሚያውቅ አልነበረም።

"ከጠየቀኝ ስጪው" አለኝ። "በስልክም ይሁን፣ በፈለገው መንገድ፣ ብቻ በራሱ አፍ ይጠይቀኝ። ካልጠየቀኝ እንዳትሰጪው።"

ካልጠየቁህስ ምን ላድርገው አልኩት።

"ለወፍ በትኚው።"

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ከአባቱ የሚፈልገው ይቅርታ እንኳ አልነበረም። እርሾው የሱም መሆኑን እንዲያምኑለት ነው፤ ካለህ ላይ ስጠኝ እንዲሉት። ቃል ገባሁለት። ቃል ስገባ ሁልጊዜ የማልወጣው ማጥ ውስጥ እንደምገባ አውቀዋለሁ፤ ግን እገባለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አባትና ልጅ ተሰናበቱ። አማቼ በል እንግዲህ አሉ። ዋርሳዬም በል እንግዲህ አለ። ተጨባበጡ። ትንሽ ቆመው እንደገና ተጨባበጡ። አሁን ነው ብዬ ጠበቅኩ። አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰዓቱ ደረሰ አሉ። ዋርሳዬ በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ እኔም ምን ላድርግ በሚል ትከሻዬን ነቀነቅኩለት።

ፍተሻው ላይ የአማቼ ቦርሳ ሳይነካ አለፈ። የኔን ጎትተው አስቀሩት። ፈታሿ ቆርቆሮዋን አወጣች፣ ከፈተች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ፊቷን አኮማተረች። ምንድን ነው አለችኝ። አማቼ ክርኔ አጠገብ ቆመዋል፤ ቋንቋው ባይገባቸውም ቅርፍርፉን አንዴ ቢያሸቱት አለቀልኝ። በውሃ በጥብጬ ፊቴ ላይ የምለጥፈው ነው፣ ለቆዳ ጥራት፣ አልኳት። ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። ብዙም እንዳልጠቀመኝ የተረዳች መሰለኝ፤ አዝናልኝ ይሁን እንጃ፣ ዘግታ መለሰችልኝ። አማቼ ምን ነበር ሲሉኝ የፊት ነገር ነው አልኳቸው። አገሩ ሊገባ የተነሳ ሰው ስለ ፊቱ ያስባል ወይ ብለው ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው አቅፈው ቀደሙኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከኛ በላይ ያለው የእቃ ማስቀመጫ ሞልቶ ነበር። አስተናጋጇ የአማቼን ቦርሳ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ አልሰጥም አሉ። እሷ በፈገግታ ትስባለች፣ እሳቸው በፈገግታ ይይዛሉ፤ በመጨረሻ ወጣትነት አሸነፈና ቦርሳው ከፊታችን ባለው ረድፍ በላይ ገባ። ከሥሩ የተቀመጠው ባለ ከረባት ሰውዬ ገና ሳንነሳ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አውሮፕላኑ ሲነሳ አማቼ ክንዴን አልጨመደዱም። ዓይናቸው እዚያ ክዳን ላይ ተተክሏል። ለመዱት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ የዋህ ነኝ።

ምሳ መጣ። በላስቲክ የታሸገውን ዳቦ አማቼ በጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ተመልሶ ሲነሳ እያዩ፣ በዚህ ዕቃ ይታጠብበታል አሉ። አጋጣሚው ጥሩ መሰለኝና፣ የልጅዎ ዳቦ ግን እንዴት ያለ ነው አባባ፣ ሰዉ እኮ በሰልፍ ነው የሚገዛው አልኳቸው። ላስቲኩን አጣጠፉ። እርሾውን ምን እያበላው ይሆን እንዲያ የሚነሳለት አልኩ፣ ለራሴ የማወራ መስዬ። እነሱ አገር ዱቄቱ ጥሩ ነው አሉ። ልጅዎም ጥሩ ነው ልላቸው ፈልጌ ሰላጣዬን በሹካ ወጋሁት። ከእግሬ ሥር ካለችው ቆርቆሮ ጋር እየተጓዝኩ ለአንድ ሽማግሌ ሽንገላ መቀመር ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ ሁላችንም እናርፍ ነበር።

ትሪዎቹ ተነስተው ሰው ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ነው ጧ ያለው። ጎማ ፈነዳ ያሉ ነበሩ፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ምን ቆርጦት ይፈነዳል የሚል አልተገኘም። ከኋላችን አንዲት ሴት ጸሎት ጀመረች። ከዚያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ መጣ። ያን ሽታ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። እጄ መጀመሪያ ወደ ቆርቆሮዋ ሄደ፤ ደርቃ ቁጭ ብላለች። ቀና ስል ከፊታችን ካለው ክዳን ጠርዝ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ምንም አልቸኮለም። ረዘመ፣ ወፈረ፣ ወረደና ባለ ከረባቱ ትከሻ ላይ አረፈ። ዘወር ብዬ አማቼን አየኋቸው። በመስኮቱ ደመና እያዩ ነበር። ደመናን እንዲያ በጥሞና ያየ ሰው አልገጠመኝም።

ባለ ከረባቱ ነቃ። ትከሻውን ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ፣ ጮኸ። አስተናጋጆቹ ተሯሩጠው መጡ፣ የእጅ ጓንት አጠለቁ፣ ክዳኑን ከፈቱት። የተከፈተው ክዳን የያዘውን ሁሉ ለቀቀው። የማን ቦርሳ ነው ተባለ። ማንም አልመለሰም። የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያስተኛ ሰውዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ጠየቀ። እኔ አባባ አልኩ፣ ቀስ ብዬ። አማቼ ከደመናው ተመለሱ።

የኔ ነው በዪው አሉኝ። የሳቸው ነው አልኩት። ምንድን ነው አለኝ አለቃው። ሊጥ ነው አልኩት። ለምን ይንቀሳቀሳል አለ። ሕይወት ስላለው አልኩት። ይህን ባልል ጥሩ ነበር፤ አለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ጸሎተኛዋም ድምፅዋን ጨመረች። እርሾ መሆኑን፣ ዳቦ የሚነሳበት መሆኑን፣ ማንንም እንደማይነክስ ለማስረዳት ድሮ ሆቴል የተማርኩት ቋንቋ ተሟጠጠ። በመጨረሻ ገባው፣ ግን የገባው ሰው ሁሉ አያዝንም። ፈንድቶ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ተጠርጎ ይወገዳል፣ ደንብ ነው አለ።

አማቼ አስተናጋጆቹ የሚሰበስቡበትን ከረጢት ሲያዩ ብድግ አሉ። ትንሽ ይተዉልኝ በዪው አሉኝ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መጠኑን እያሳዩ፣ ይቺን ብቻ። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳቸውን ጠርገው፣ ፈንድቶ የተሰነጠቀውን የላስቲክ ሳህን ከነክዳኑ ከረጢት ውስጥ ከተው አሰሩት። ያኔ የአማቼ ዓይን ባለ ከረባቱ ትከሻ ላይ አረፈ። እዚያ ገና የቀረ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ፣ ዝንብ እንደሚይዝ ሰው በጥንቃቄ ተጠጉት። ሰውዬው መጀመሪያ ይቅርታ የሚጠይቁት መስሎት ፈገግ አለ። አስተናጋጇ ግን ቀደመቻቸው፤ በጀርም ማጥፊያ የራሰ መጥረጊያ ይዛ መጥታ ትከሻውን አንዴ ሙልጭ አደረገችው። አማቼ እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

ኋላ ላይ፣ እኔን ሳያዩ፣ ጠዋት ቆርሼ ነው አሉኝ። ልጃቸው ምድጃውን ሲከፍት ጠብቀው፣ በዳቦ ቤቱ የጓዳ በር ገብተው፣ ከእቃው ቆርሰው በላስቲክ ሳህን ደበቁት። እንዳይሸት ብለው ክዳኑን እስኪጮህ ድረስ ገጠሙት። አንድ ነገር አልገባኝም አልኳቸው፤ ጭብጥ የማታህል ሊጥ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

"አበላሁት" አሉ። "ሩቅ መንገድ ነው፣ ሳይበላ እንዴት ይሄዳል ብዬ።"

ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት ጠዋት ያበሉ ሰው ናቸው። ሌባ ማንንም የማያበላበት ሰዓት ላይ እሳቸው ቆመው ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ሰጡት። ያበሉትን እርሾ ሙቅ ቦታ ላይ ከድኖ ማሰር ምን እንደሚያመጣ መስኮት ጋ ቆሜ የምሸጠው እኔ እንኳ አውቃለሁ። ሳቄ መጣ። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት፤ የሚያለቅሱ አልነበሩም፣ ግን ከማልቀስ የሚቀር ፊት አልነበረም። ሳቄን ዋጥኩት።

"ለምን አልጠየቁትም?" አልኳቸው።

"ሌባ ብዬዋለሁ" አሉ። "በዚያ አፌ እንዴት ስጠኝ ልበለው? እሺ ብሎ ይሰጠኝ ይሆናል። እሱ ነው የከበደኝ።"

ቆርቆሮዋ እግሬ ሥር አለች። ጎንበስ ብዬ ባወጣት ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሽማግሌው ቤታቸው ይገባሉ፣ ሽርጣቸውን ያስራሉ። ቃል የሚባል ነገር ደግሞ ማን ፈጠረው። ሁለት ጊዜ ጎንበስ አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ። ብሰጣቸው እርሾ ያገኛሉ። ልጃቸውን ግን እስከ መጨረሻው እዚያው ባሕር ማዶ ትቼላቸው መሄዴ ነው። በዋርሳዬም ተናደድኩ፣ በአማቼም ተናደድኩ፣ በባሌም ጭምር፤ እሱ ምን አደረገ ብትሉኝ፣ ከነዚህ ሰዎች መወለዱ ይበቃዋል።

አውሮፕላን የምንቀይርበት ቦታ ወረድን። ሁሉ ነገር መስታወት፣ ሁሉ ሰው ሩጫ። ቀጣዩ በረራችን የሚነሳበትን በር አግኝተን ከፊት ለፊቱ ተቀመጥን። ባሌ ደወለ። እንዴት ናችሁ ካለ በኋላ ድምፁን ቀንሶ፣ ጠየቁት ወይ አለኝ። ምድጃውን አጽድቶ፣ እቃውን አጥቦ፣ ዱቄቱን ነፍቶ እየጠበቀ ነው። አልጠየቁም አልኩት። ቀስ ብሎ፣ ዳቦ ቤቱን ሊከራይ የሚፈልግ ሰው ነገ መጥቼ ልየው ብሎኛል፣ አባባ ካልወረዱ እኔ ብቻዬን አልችልም አለኝ። ይህን አማቼ ሰሙት። አጠገቤ ነበሩ፤ ጆሯቸው ትንሽ ቢከብድም ይህን ሰሙት።

ስልኩን ዘግቼ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ነገር እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። አማቼ ባዶ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡ፤ ከዚፑ ጥርስ መሀል የደረቀች ትንሽ ሊጥ ፈልቅቀው አወጡ። ጣታቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አዩአት። መጥረጊያው ነክቷታል፣ የሳሙና ሽታ አላት። ወለሉ ላይ አልጣሏትም፤ መሀረባቸው ላይ ጠረጓትና እጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት።

"ደውይለት" አሉኝ።

ለማን አላልኩም። ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ዋርሳዬ ከመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ደረሳችሁ አለ። መንገድ ላይ ነን አሉ። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው፤ ጠዋት የተለዩዋቸውን ልጆች ነው የሚጠይቁት። አየሩ እንዴት ነው ሲሉ ስልኩን ልቀማቸው ደርሼ ነበር።

"ስማ" አሉ ከዚያ። "ጠዋት ምድጃው ጋ እያለህ ከሊጥህ ቆርሼ ወሰድኩ። ሳልነግርህ።"

"አውቃለሁ" አለ ዋርሳዬ። "ስከፍተው አየሁት።"

"አውሮፕላን ላይ ፈነዳ። ሰው ላይ ወረደ። ወስደው ጣሉት።"

ከዚያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ሳቁን የያዘ ይሁን ሌላ ነገር፣ ለማወቅ አልቻልኩም። አማቼ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ስጠኝ" አሉ። "እንዴት እንደምትልክልኝ አላውቅም፣ ግን ከእርሾህ ስጠኝ። የኔ ሞቷል። የቀረው ያንተ ነው።"

ዋርሳዬ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ እሷ ጋ አለልህ፣ በቆርቆሮ ነው አለ። አማቼ ዞረው አዩኝ። እኔ ቀድሞውንም ቆርቆሮዋን አውጥቼ ይዣት ነበር። የፊት ነገር አሉኝ፣ እየተቆጡኝ ይሁን እየመረቁኝ ሳይለይ። ክዳኑን ከፍተው አንዲት ቅርፍርፍ ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ ጉንጫቸው ሲላወስ አየሁት። እኔ በበኩሌ ወደ ጣሪያው እያየሁ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ተሳፋሪዎች እንዲሰለፉ ተጠራ። የሚፈልጉትን አግኝተዋልና ስልኩን የሚዘጉት መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። የኛ ቤት ወንዶች ጉዳያቸው ሲያልቅ ደህና ሁን ማለትም ይረሳሉ። አማቼ ግን ስልኩን አልሰጡኝም።

"ክንድህ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት" አሉ። "እጅጌህን ሰብስበህ ስታጥብ። የምድጃ በር ነው አይደል?"

"አዎ። ድሮ ነው፣ እንደመጣሁ ሰሞን።"

"ቁስሉን ማን አሰረልህ?"

"ማንም። በግራ እጄና በጥርሴ አሰርኩት።"

ሦስት ሳምንት ቅቤ አለ ወይ ሲሉ ያን ጠባሳ ነው ሲያዩ የከረሙት። ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ። ሰዎች በኛ በኩል እየዞሩ አለፉ።

"ለምን አልደወልክልኝም?"

"ብደውል ታነሳው ነበር?"

አነሳ ነበር ቢሉ ሁሉም ያምር ነበር፤ እኔም ለራሴ በሆዴ አነሳ ነበር ይበሉ እያልኩላቸው ነበር። አማቼ ግን አሰቡ። የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ገብታ በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ እስክትጠራን ድረስ አሰቡ።

"አላነሳም ነበር" አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "አሁን አነሳለሁ። እጄ ሊጥ ውስጥ ቢሆን እንኳ አነሳለሁ።"

ዋርሳዬ እሺ አባዬ ለማለት ሞክሮ አልወጣለትም። የሁለታችንንም ትኬት እኔ ሰጠሁ። ሠራተኛዋ ስልኩን እንዲዘጉ በምልክት ነገረቻቸው፤ እኔ ትንሽ ትታገሰን ዘንድ ለመንኳት፤ አማቼም ልጃቸው ሲያለቅስ እየሰሙ ቀስ ብለው አለፉ።